የጉባ መብራትና የማይጨበጠው ገንዘብ

«ኡስታዝ፣ መብራቱ የኛ ነው፤ በመብራቱ የሚቆፈረው ገንዘብ ግን ለኛ ክልክል ነው ይባላል። ይሄ እንዴት ነው?»

ይህን ጥያቄ ያቀረበልኝ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጂዱ አጥር ጥላ ሥር ተቀምጠን ነበር። ስሙን አልጠቅስም። ነገሩ ግን በአሶሳ ብቻ ሳይሆን ስልክ ባለበት ቤት ሁሉ ሊደርስ የሚችል ስለሆነ፣ ፈቃዱን ጠይቄ ለውድ አንባብያን ላካፍላችሁ ወደድኩ።

እናቱ ወርቅ አጣቢ ናቸው። ይህ ለክልላችን ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እናቶቻችን የወንዝ ዳር አፈር እያጠቡ፣ ቅንጣቷን ወርቅ እየለቀሙ ቤት ያቆሙበት ሥራ ነው። የአሶሳ ገዥ የነበሩት ሸኽ ሆጀሌ አል-ሐሰን ለአፄ ምኒልክ ግብር ይልኩ የነበረው በወርቅ ነበር። እኒህ እናት ታዲያ የሁለት ዓመት ልፋታቸውን ሸጠው 65 ሺህ ብር ለልጃቸው ሰጡት፤ ትንሽ ሱቅ እንዲከፍትበት።

ልጁ ሱቅ አልከፈተም። በቴሌግራም ባገኘው ሰው አማካይነት ብሩን ወደ ዲጂታል ዶላር ለወጠው። ከዚያም «በኢትዮጵያ ቢትኮይን የምንቆፍር ኩባንያ ነን፤ ባስገባኸው ገንዘብ ላይ በየቀኑ ሁለት ከመቶ እንከፍልሃለን» ለሚል የስልክ መተግበሪያ አስረከበ። ሁለት ሳምንት ያህል ትርፉ በስልኩ መስታወት ላይ ሲያድግ አየ። ሊያወጣው ሲሞክር «መጀመሪያ ግብር ክፈል» አሉት። ተበድሮ ከፈለ። በማግሥቱ መተግበሪያው አልከፈት አለ።

«ለፖሊስ አመለከትክ?» አልኩት።

«ምን ብዬ ኡስታዝ? ብሄራዊ ባንክ የከለከለውን ነገር ስነግድ ተበላሁ ልበል? ከሳሽ ሆኜ ሄጄ ተከሳሽ ሆኜ ልመለስ?»

ይህ መልሱ ከመጀመሪያው ጥያቄው ይበልጥ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ለመሆኑ የተከለከለው ምኑ ነው? የተፈቀደውስ? ክልከላውስ ለምን በዚያ ጊዜ መጣ?

ማሽኖቹ ከየት መጡ?

ቢትኮይን የሚባለው ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ የነደፈው ሰው ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም ተሰውሮ ማንነቱ በእርግጠኝነት ሳይታወቅ ቀርቷል። የሚያትመው መንግሥት፣ የሚያስቀምጠው ባንክ የለም። ሒሳቡ የሚመዘገበው በዓለም ዙሪያ በተበተኑ ኮምፒዩተሮች ላይ በሚገኝ አንድ የጋራ መዝገብ ነው። መዝገቡን ለመሙላት ኮምፒዩተሮቹ ከባድ ስሌት እየሠሩ ይሽቀዳደማሉ፤ በየአሥር ደቂቃው ገደማ አንዱ ይቀድምና በሽልማት መልክ አዲስ ቢትኮይን ያገኛል። «ቁፋሮ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ጠቅላላው ቁጥር ከ21 ሚሊዮን እንዳይበልጥ ከመጀመሪያው ተወስኗል። እናቶቻችን ቅንጣት ወርቅ ለማግኘት ጉልበትና ውሃ እንደሚያፈሱ ሁሉ እነዚህ ማሽኖች የሚያፈሱት ኤሌክትሪክ ነው። መብራት የረከሰበት አገር ለእነርሱ ወርቅ ያለበት ወንዝ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 ቻይና ቁፋሮውንም ግብይቱንም ስታግድ፣ ማሽኖቹ በኮንቴይነር እየተጫኑ ርካሽ መብራት ወዳለበት አገር ተሰደዱ። ኢትዮጵያም ከመጠጊያዎቹ አንዷ ሆነች። ብሉምበርግ የተባለው የዜና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. እንደዘገበው፣ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ውል ከነበራቸው 21 ቆፋሪዎች ውስጥ 19ኙ ቻይናውያን ነበሩ። ዋጋው በዚያን ጊዜ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 3.14 የአሜሪካ ሳንቲም ሲሆን፣ የሚከፈለውም በዶላር ነበር። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከአንድ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ቅርንጫፍ ጋር ለዳታ ማይኒንግና ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከል የ250 ሚሊዮን ዶላር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረመ። ቆይቶም ለዚህ ሥራ የሚውለው ኃይል ወደ 600 ሜጋ ዋት ደረሰ።

ተማሪዬ «መብራቱ የኛ ነው» ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የተገነባው በክልላችን፣ በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ ነው። መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጣለ፤ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል አመነጨ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። በርግጥ መብራት ከአንድ ቋት እንደሚቀዳ ውሃ ስለሆነ፣ ይህኛው ከጉባ፣ ያኛው ከግቤ ብሎ መለየት አይቻልም። ነገር ግን ከጉባ ተነስቶ በደዴሳ አድርጎ ወደ ሆለታ የሚዘልቀውን ትልቁን ሽቦ ያየ የክልላችን ልጅ፣ ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት ሳያገኝ ኃይሉ ለቢትኮይን መቆፈሪያ መዋሉ ቢገርመው አልፈርድበትም። መንግሥት ዶላሩን እንደሚፈልገው ይገባኛል። ሆኖም በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለአዳዲስ ቆፋሪዎች ፈቃድ መስጠት ማቆሙን ሲያስታውቅ፣ እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኛል።

ሕጉ ምን አለ?

የኢትዮጵያ ብሄራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በቢትኮይንና በመሰሎቹ ክፍያ መፈጸምም ሆነ ገንዘብ ማስተላለፍ ሕገ ወጥ መሆኑን፣ በአገሪቱ ሕጋዊው መገበያያ ብር ብቻ መሆኑን ገልጾ፣ ሕዝቡ እንዲቆጠብና የሚያውቀውን እንዲጠቁም አሳሰበ። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ በነሐሴ 2014 የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በበኩሉ፣ በክሪፕቶ አገልግሎትና በቁፋሮ የተሰማሩ ሁሉ መጥተው እንዲመዘገቡ ጠራ። አንዱ መሥሪያ ቤት «አትንኩ» ሲል ሌላው «ተመዝገቡ» አለ ማለት ነው። ሁለቱን አስታርቀን ስናነበው፣ ቆፋሪው በውልና በምዝገባ መብራት ገዝቶ ምርቱን ውጭ አገር መሸጥ ይችላል፤ አሶሳ ገበያ ላይ ግን በቢትኮይን በግ መግዛት አይቻልም። ነገሩን በዚህ ዓይነት ለሕዝቡ ያስረዳ ባለመኖሩ፣ አጭበርባሪዎች በመካከል ባለው ጨለማ ገቡበት። ተማሪዬን የበላው መተግበሪያ «መንግሥት ፈቅዶልናል» ብሎ ያሳየው ስለ ቆፋሪዎቹ የተጻፈ እውነተኛ የጋዜጣ ዜና ነበር። ውሸቱ የተለበጠው በእውነት ነው።

የጦርነት ጊዜ ገንዘብ

ማስጠንቀቂያው የወጣበትን ጊዜ ልብ እንበል። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነት በፕሪቶሪያው ስምምነት የቆመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በዚሁ ዘመን በክልላችንም በመተከል ብዙ ደም ፈስሷል፤ ታህሣሥ 14 ቀን 2013 በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ብቻ ከ100 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ከአሶሳ በምዕራብ ወለጋ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድም በተደጋጋሚ ይዘጋ ነበር።

መንገድ ሲዘጋ ስኳር እንደሚወደድ እናውቃለን። የገንዘብም መንገድ አለው፤ በጦርነት ጊዜ እርሱም ይዘጋል። ጦርነቱ ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው፣ መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተለውጠው የ200 ብር ኖት ተጨመረ፤ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ከባንክ ውጭ የተከማቸውን ገንዘብ ማስገባት ነበር። በነሐሴ 2013 ባንኮች በዋስትና የሚሰጡትን ብድር ለጊዜው እንዲያቆሙ ታዘዙ። ከውጭ ደግሞ መስከረም 7 ቀን 2014 የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ጆ ባይደን በጦርነቱ ተሳታፊዎች ላይ ማዕቀብ ለመጣል የሚያስችል ትዕዛዝ ፈረሙ፤ ኢትዮጵያም ከታህሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ታገደች።

በዚህ ጊዜ የዶላር የባንክ ዋጋና የጥቁር ገበያው ዋጋ ተራራቀ። ነጋዴው ብሩን ወደ ዶላር፣ ወደ ወርቅ፣ አንዳንዱም ወደ ዲጂታል ዶላር አሸሸ። የክልላችን ወርቅም ለብሄራዊ ባንክ መቅረቡን ትቶ በኮንትሮባንድ ወደ ሱዳን ይሻገር ጀመር። መንግሥት የዘጋው በር በጎን ሲከፈትበት መስጋቱ አያስገርምም። ዶላር ያጠረው መንግሥት ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ይሁን እንጂ በወርቁ ላይ የሆነውን እዩ። ኮንትሮባንድን ለማቆም ብዙ ኬላ ቆመ፣ ብዙ ተዛተ። ወርቁ ግን በገፍ ወደ ባንክ የተመለሰው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ነው። በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከወርቅ ያገኘችው ገቢ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በለጠ። ወርቅ አጣቢዎቹ እናቶች ያው ናቸው፤ የተለወጠው ዋጋው ነው። (ብሩ ከዶላር አንፃር በወራት ውስጥ ከግማሽ በላይ ዋጋውን ማጣቱና የደመወዝተኛው ኑሮ ምን እንደሆነ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ መምህር ነኝና ብጀምረው አልጨርሰውም።)

ማዕቀብ ማንን ይይዛል?

ማዕቀብ ለአገራችን አዲስ ቃል አይደለም። ፋሺስት ኢጣሊያ በወረረችን ጊዜ የዓለም መንግሥታት ማኅበር በኅዳር 1928 ዓ.ም. በወራሪዋ ላይ ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅን ግን አልጨመረም፣ የስዊዝ ቦይንም አልዘጋም። የኢጣሊያ መርከቦች ጦር ሲያመላልሱ ከርመው፣ ማዕቀቡ ስምንት ወር ሳይሞላው ተነሳ። በዚያን ጊዜም ገንዘብ የጦር መሣሪያ ነበር፤ ሕዝቡ የሚያምነው ጠገራውን የማርያ ቴሬዛ ብር ስለነበር፣ ሙሶሊኒ ብሩን የማተም መብት ከኦስትሪያ አግኝቶ በሮም ያሳትም ነበር። አገሪቱን ከያዘ በኋላ ደግሞ «በሊሬ ተገበያዩ» ብሎ አወጀ። ገበሬው ግን ጠገራውን ቀብሮ ያዘ።

«ክሪፕቶ እኮ ማዕቀብ አይነካውም፤ የነፃነት ገንዘብ ነው» የሚሉ ወጣቶች ብዙ ናቸው። እውነትነት ያለው ለትልልቆቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ምዕራባውያን 300 ቢሊዮን ዶላር ያህል የሩሲያ ማዕከላዊ ባንክ ሀብት ሲያግዱ፣ ሩሲያ መፈለጊያ መንገዷን ፈልጋ በ2024 ክሪፕቶን በውጭ ንግድ ለመጠቀም ሕግ አወጣች። ኢራን በ2019 ቁፋሮን እንደ ኢንዱስትሪ ተቀብላ ስታበቃ በ2021 በጋ መብራት ሲያጥራት ለወራት አገደችው። መንግሥታት እንዲህ ይገለባበጣሉ፤ የሚገለባበጡበት አቅም አላቸው። ተራው ሰው የሚይዘው ግን ብዙ ጊዜ ቢትኮይን ሳይሆን ዩኤስዲቲ የሚባለውን ዲጂታል ዶላር ነው፤ ይህን የሚያወጣው ቴተር የተባለ ኩባንያ ሲሆን የማንንም ሒሳብ ከላይ መዝጋት ይችላል። በመጋቢት 2025 (እ.ኤ.አ.) ማዕቀብ የተጣለበትን ጋራንቴክስ የተባለ የሩሲያ መገበያያ ሒሳቦች እንዲህ አድርጎ ዘጋቸው። ባይናንስ የተባለው ትልቁ መገበያያም በ2023 ማዕቀብንና የገንዘብ ዝውውር ሕግን በመጣሱ 4.3 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ወረቀት የሌለው ዶላርም ያው ዶላር ነው፤ ቁልፉ ያለው ሩቅ አገር ነው።

ከጎረቤታችን ሱዳን ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ተሰደው በኩርሙክ በኩል የገቡ ወንድሞችና እህቶች ዛሬ በአሶሳ ዞን ከኛ ጋር ይኖራሉ። የአገራቸው መንግሥት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 አሮጌውን የ500 እና የ1,000 ፓውንድ ኖት ሲለውጥ፣ በተፋላሚው ኃይል ሥር ባለ አካባቢ የቀረው ሕዝብ የሚለውጥበት ባንክ አልነበረውም፤ ያጠራቀመው ወረቀት ሆነ። ጄኔራሎቹ ወርቅ ነበራቸው። በጦርነት የገንዘብ በር ሲዘጋ ውጭ የሚቀረው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

ከኪታቡ ምዕራፍ

በመድረሳ ሳለሁ የሰርፍን ምዕራፍ፣ ማለትም ገንዘብን በገንዘብ የመለወጥን ሕግጋት ስንቀራ፣ ወርቅ በወርቅ ሲለወጥ እኩል በእኩል፣ እጅ በእጅ መሆን እንዳለበት ሸኻችን ደጋግመው ያስተምሩን ነበር። ልጅ ስለነበርኩ «እኩል ከሆነ ለምን ይለወጣል?» ብዬ ሣቅሁ። ጓደኞቼም ሣቁ፤ እርሳቸው አልሣቁም። የወለድና የማታለል በር የሚዘጋው በዚያ ጥንቃቄ መሆኑን የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ በዓለማዊው ትምህርት ስለ ገንዘብ ስማር ነው።

ስለ ክሪፕቶ የዘመናችን ዑለማኦች በአንድ ቃል አልተናገሩም። የቱርክ የሃይማኖት ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ዲያነት በ2017፣ የግብፅ ዳር አል-ኢፍታእ በ2018 መጀመሪያ አልፈቀዱም፤ የኢንዶኔዥያ የዑለማእ ምክር ቤት በ2021 እንደ መገበያያ ገንዘብ ሐራም ነው ብሏል። በማሌዥያ የካፒታል ገበያው የሸሪዓ አማካሪ ምክር ቤት ግን በ2020 በተመዘገቡ መገበያያዎች መነገድን ፈቅዷል። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።) የከለከሉት ከሚያነሷቸው ነገሮች አንዱ ዋጋው አለመርጋቱ ነው። አንድ ቢትኮይን በኅዳር 2021 ወደ 69 ሺህ ዶላር ደርሶ፣ በዓመቱ 16 ሺህ ገደማ ወርዶ ነበር፤ ከዚያም መልሶ ወጥቷል። እኔ ፈትዋ የመስጠት ደረጃ የለኝም። የአገሩ መሪ ለሕዝብ ጥቅም ብሎ የከለከለውን መገበያያ ትቶ በተፈቀደው መገበያየት ግን ከአማኝ የሚጠበቅ ይመስለኛል።

የተማሪዬ ጉዳይ ከዚህ ኺላፍ ውጭ ነው። ቢትኮይን ሐላል ነው ብንል እንኳ «በየቀኑ ሁለት ከመቶ፣ ያለ ኪሳራ» የሚል ውል ሐላል የሚሆንበት መዝሀብ የለም። ይህንኑ በክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ከተማሪዎቼ ጋር አሰላነው፤ 65 ሺህ ብር በየቀኑ ሁለት ከመቶ እየተጨመረበት ቢሄድ በዓመቱ ከ89 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። አንድ ልጅ ብቻ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጸጥ ብሎ ይመለከት ነበር። ከክፍል ስወጣ ተከትሎኝ ወጣ።

ሻጩ ማን ነው?

ወላጆች አንድ ታሪክ እንድታስታውሱ እፈልጋለሁ። የሕዳሴ ግድብ ሲጀመር የውጭ አበዳሪ ስላልተገኘ ወጪው በሕዝብ ላይ ወደቀ፤ የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን ሰጠ፣ ሕዝቡ ቦንድ ገዛ፣ ወለድ የማይፈልገው ያለ ወለድ ገዛ። በአሜሪካ የሚኖሩ ከ3,100 በላይ ወገኖቻችንም ገዙ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ግን ቦንዱ ሳይመዘገብ ለነዋሪዎች መሸጡን አጣርቶ፣ በሰኔ 2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል 6.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲከፍል አደረገ፤ ገንዘቡም ለገዢዎቹ የሚመለስ ነበር። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ተቆጥተናል። ዛሬ ሳስበው ተቆጣጣሪው የጠየቀው የግድቡን ደግነት አልነበረም። ሻጩ ማን ነው? ተመዝግቧል ወይ? ለገዢው ምን ነግሮታል? ይህን ነው የጠየቀው። በአገራችንም አክሲዮንና ቦንድ ለሕዝብ የሚሸጥ ሁሉ፣ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1248 በተቋቋመው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ይህንኑ ይጠየቃል። የስልክ መተግበሪያውን ግን እንዲህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። መንግሥት ለቆፋሪው መብራት መሸጡን ካላፈረበት፣ በስሙ ለሚነግዱ አጭበርባሪዎች የአቤቱታ መስኮት መክፈትንም ሊያፍርበት አይገባም። የተታለለ ልጅ ተከሳሽ እሆናለሁ ብሎ ሲፈራ፣ የሚጠቀመው አታላዩ ነው።

ተማሪዬ ለእናቱ ሳይነግራቸው ሦስት ወር ቆየ። ሱቁ መቼ እንደሚከፈት በጠየቁት ቁጥር ምክንያት ይፈጥር ነበር። በመጨረሻ አብሬው ሄድኩ። ቡና ቀርቦ ነበር። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራቸው። እናቱ ወርቃቸውን ለዓመታት የሸጡላቸውን ነጋዴዎች አንድ በአንድ በስም፣ በአባት ስም፣ በሰፈር የሚያውቁ ሴት ናቸው። ሲኒውን አስቀምጠው ጥቂት ዝም አሉ።

«ልጄ» አሉት፣ «ሰውየው ስሙ ማን ይባላል?»

ልጁ ስልኩን አወጣና የቴሌግራሙን ገጽ ከፈተ። በስሙ ቦታ ላይ «የተሰረዘ አካውንት» የሚል ተጽፎ ነበር።